የእሷ ከንፈር፣ የእኔ ድምፅ

ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወርቅ አልቆፈርኩም። ቴአትር ቤት ውስጥ፣ መድረኩ ከተመልካቹ ጋር በሚዋሰንበት ጠርዝ ላይ ወለሉ ተቆርጦ፣ አንድ ወንበር፣ አንዲት ትንሽ መብራትና አንድ ሰው የምትይዝ ሳጥን ነበረች። በተመልካቹ በኩል በጣውላ ቆብ ተሸፍናለች፤ በተዋናዮቹ በኩል ክፍት ናት። እዚያ ውስጥ ተቀምጬ፣ አገጬን ከመድረኩ ወለል እኩል አድርጌ፣ ጽሑፉን በጣቴ እየተከተልኩ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ቃል አቀብላለሁ። ሥራዬ አስታዋሽ ይባላል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ፤ እኔ ወረቀት የያዝኩ ሞኝ ስለነበርኩ ከሁለቱም ወገን የምለቅ አልነበርኩም።

ከዚያ ጉድጓድ ሰው የሚታየው ከጫማው ጀምሮ ነው። ንጉሥ ሆኖ የሚንጎራደደው ሰውዬ ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ መሆኑን፣ በፍቅር የምትቃጠለው ልጅ ጫማ ጠቧት ጣቷን የምታጥፍ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለ ትልቋም መጀመሪያ ያወቅኩት ጫማዋን ነው። ጥቁር፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ሁልጊዜ የተወለወለ ነው፤ ከእኔም ሦስት እርምጃ ብቻ ርቆ ይቆማል።

ትልቋ የምንላት በቁመቷ አልነበረም፤ ቁመቷስ ከእኔም ታንስ ነበር። አዘጋጁ አንድ ቀን የተዋንያን ድልድል ሲያነብ ስሟ ላይ ሲደርስ «ትልቁ ቦታ መቼም የማን እንደሆነ ይታወቃል» ብሎ አለፈው፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ተለጠፈባት። እኔ በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነበር የምላት። የሰው አገር ሰው ሳይቀር ድምፅዋን ሊሰማ ይመጣ ነበር። ድምፅዋ ምን ይመስል ነበር ካላችሁኝ፣ እዚህ ላይ መግለጽ ነበረብኝ። አልችልም። ለምን እንደማልችል ነው የማወራችሁ።

ትልቋ ቴአትር ቤቱን የረገጠችው ትወና አምሯት አይደለም። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። የአባቷ ዓይን ሲደክም መርፌውን በክር የምትሰካለት እሷ ነበረች፤ የስፌት መኪናው ሲሸጥ ሥራ ፈልጋ ትኬት ሻጭ ሆና ተቀጠረች። የትኬት መሸጫዋ መስኮት ወተት በመሰለ መስታወት የተሸፈነች ናት፤ ከታች እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ፣ ከላይ ድምፅ የምታሳልፍ ወንፊት አላት። ፊቷን የሚያይ የለም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እየወረደ፣ ሰልፉ መንገዱን ተሻግሮ ሳለ ትኬት አለቀ። እንዲህ ባለ ቀን አንድ መስታወት መሰበሩ አይቀርም ነበር። እሷ ግን በወንፊቷ በኩል፣ ዛሬ እንዳልሆነላቸው፣ እሷም ልታየው ፈልጋ እንደነበር፣ እሷም እስካሁን እንዳላየችው ነገረቻቸው። በቃ፣ ያለችው ይኸው ነው። ሰዉ ጃንጥላውን እየዘረጋ ተበተነ፤ አንድ ሽማግሌ ጭራሽ አመስግኗት ሄደ። አዘጋጁ፣ ያኔ ገና ጸጉር ነበረው፣ በጎን በር ሊገባ ሲል ሰምቷት ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። በሳምንቱ የገረድ ቦታ ሰጣት።

የተሰጣት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ትገባና «እመቤቴ፣ ደብዳቤ መጥቷል» ብላ ትወጣለች። እኔ ያን ጊዜ ሥራውን ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ለዚህች አንዲት መስመር ብዬ ቀናም አላልኩም። ትልቋ ገባች፣ አለችው። ወንበሮቹ ሲጢጥ አሉ። የአዳራሹ ወንበሮች አሮጌ የእንጨት ወንበሮች ናቸው፤ አንድ ሰው ሲነቃነቅ አይሰማም፤ ሁለት መቶ ሰው አንድ ላይ ወደፊት ዘንበል ሲል ግን ከወለሉ ሥር ለተቀመጠ ሰው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ያን ቀን ሁለት መቶ ሰው ለገረዷ ደብዳቤ ዘንበል አለ። እመቤቲቱን የምትጫወተው ሴት እስክትሞት ይቅር አላለቻትም።

ከዚያ በኋላ እናት ሆነች፣ መበለት ሆነች፣ ዘውድ ጫነች፣ አበደች። ቤቷ ግን ሁለት ክፍል ሆኖ ቀረ። ባሏ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ደህና ሰው ነው ይሉታል፤ እኔ ደህናነቱን ለማየት አልታደልኩም። ወይ ቤትሽን ወይ መድረኩን ምረጪ አላት። በማግስቱ የአራት ዓመት ልጇን በአንድ እጇ፣ ሻንጣዋን በሌላው ይዛ ልምምድ መጣች። ልጅቷ ያደገችው በልብስ ክፍላችን ውስጥ፣ የነገሥታት ካባ ላይ እየተኛች ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ለዓለም ያወራው ነበር፤ ትልቋ ግን አንድም ቀን ስለ እሱ ስታወራ አልሰማኋትም።

በሦስተኛው ዓመቷ መበለቲቱን ስትጫወት አንድ ነገር ደረሰባት። ጫማዋ ቆመ። ድምፅ የለም። ቀና ስል ዓይኗ ባዶ ነው። ያለቀላት ሰው ዓይን ነበር። ቃሉን አቀበልኳት፣ ተቀበለችው፣ ቀጠለች። ተመልካቹ በሐዘን ዝም ያለች መስሎት አጨበጨበላት። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚሉት ለሌላው ሰው ነው፤ እኛ ቤት የሚታሸው በእኔ ነበር። መጋረጃው እንደተዘጋ መጥታ ጉድጓዴ አፍ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም በይልኝ» አለችኝ።

«ሁሉንም ማለት?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የኔን ሁሉ ቀድመሽኝ በይው። ሰው ከፊቴ ሲሄድ አልፈራም።»

በሥራችን ሕግ አስታዋሽ የሚለው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው፤ እሷንም ሲጠየቅ ብቻ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የትልቋን እያንዳንዱን ቃል ግማሽ ትንፋሽ ቀድሜያት በሹክሹክታ አልኩት። አዘጋጁ እንኳ አያውቅም። እሷ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል ጠፍቷት አያውቅም፤ ያለ እኔም እንደምትዘልቀው ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ምን ታደርጉታላችሁ፣ ፍርሃት ምክር አይሰማም። የት እንደምትተነፍስ፣ የት ምራቋን እንደምትውጥ፣ የትኛው ቃል ላይ ከንፈሯ እንደሚዘገይ ከእናቷ በላይ አወቅኩ። ኩራቴም ነበር፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

አርባ አንድ ዓመት ሲሞላት ፊልሙ መጣ። አዘጋጁ ካሜራ ከውጭ አስመጥቶ የሕይወቱን ትልቁን ፊልም ሊሠራ ተነሣ። ከእስር የተፈታች እናት ወደ ቤቷ ስትመለስ ቤቱ ሌላ ሰው እንደገባበት የምታገኝበት ታሪክ ነው። ካሜራው እንደ ወፍጮ የሚጮህ ስለነበር ሲቀረጽ ድምፅ አልተቀዳም፤ ምስሉ ካለቀ በኋላ ተዋንያኑ ስቱዲዮ ገብተው ራሳቸውን እያዩ መናገር ነበረባቸው። ስቱዲዮው ለአራት ቀን ተገኘ። ትልቋ በዚያው ሳምንት፣ በብርድ ላይ ሁለት ቴአትር ደራርባ ተጫውታ ድምፅዋ ተዘጋ። ሐኪሙ ወር ሙሉ እንዳትናገር፣ ከተናገረች ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠነቀቃት። ፊልሙ ደግሞ በአምስተኛው ቀን ድምፅና ምስሉ ተገጥሞ እንዲታተም ወደ ውጭ መላክ አለበት።

አዘጋጁ ጉድጓዴ ድረስ መጥቶ ጎንበስ አለ። ሰው ሊለምን ሲመጣ ጫማው ይታወቃል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ይዞራል። ቃሉን ሁሉ እንደማውቀው፣ አፏንም እንደማውቀው፣ ከእኔ ሌላ ማንም እንደማይችለው ነገረኝ። ለእሷ ራሱ እንደሚነግራት ማለልኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለፊልሙ አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዕድሜዬን በሹክሹክታ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ መናገር አማረኝ። አራት ቀን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሜ በአፏ ውስጥ ተናገርኩ። የእኔ ድምፅ ቀጭንና ልሙጥ ነው፤ የእሷ ግን እንዲያ አልነበረም። ከንፈሩ ግን ልክክ አለ። የቴአትር ቤታችን የድምፅ ሠራተኛ ራሱ ተነሥቶ አጨበጨበልኝ።

አዘጋጁ አልነገራትም። በምርቃቱ ቀን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ድምፅዋ ከተመለሰላት ሰንብቷል። ስክሪኑ ላይ ፊቷ መጣ፣ አፏ ተከፈተ፣ እኔ ወጣሁ። እጄን ይዛ ነበር፤ ሳትቸኩል ለቀቀችው። ሲያልቅ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ምን ዓይነት ድምፅ ነው እያለ አቀፋት፣ ሳማት። እሷም አመሰገነች። ሌላ ምን ትበል? መተላለፊያው ላይ ለብቻችን ስንቀር እግሯ ላይ ልወድቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «ሁለት ቦታ ላይ ትንፋሼን ስተሽዋል» አለችኝ። ለአንድ ዓመት ከእኔ ጋር ሌላ ቃል አልተነጋገረችም። መድረክ ላይ ግን ሁሉንም ቀድሜ ማለቴን አላስተወችኝም።

ፊልሙ ተወደደ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ቴሌቪዥን በየዓመቱ ያሳየዋል፤ ቴአትር ቤት ገብቶ የማያውቅ ሁሉ አወቃት። እናቲቱ በቤቷ ደጃፍ ቆማ «በሩን አትዝጉት፤ ገና አልገባሁም» የምትለውን ሕፃን ሳይቀር ይደግመው ጀመር። መንገድ ላይ ያስቆሟታል፣ በይልን ይሏታል። አንድ ቀን አብሬያት አውቶቡስ ስንጠብቅ ሁለት ሴቶች ለመኗት፤ አለችላቸው፣ በራሷ ድምፅ። ሴቶቹ ተያዩ። አንደኛዋ በትሕትና፣ «ምነው፣ እንደ ፊልሙ አይደለም» አለች። ትልቋ ፈገግ አለች። አውቶቡሱ እስኪመጣ መሬት መሬት ሳይ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ነኝ ቀድሜ የሰማሁት፤ ከሦስት እርምጃ። የመበለቲቱ ቴአትር እንደገና ሲታይ፣ ድምፅዋ ከወትሮው ቀጠን ብሏል። ብርድ መሰለኝ። በወሩ ልሙጥ ሆነ። ሰዉ የሚመጣው የፊልሟን ሴት ሊሰማ ነውና እሷም የፊልሟን ሴት ሆነች። እኔን ማስመሰል ጀመረች፤ ያውም ጥሩ አድርጋ፣ መቼም ተዋናይ ናት። እኔ በሹክሹክታ እላለሁ፣ እሷ በእኔው ድምፅ ጮክ ብላ ትመልስልኛለች። ሰዉ ያጨበጭባል። ወንበሮቹ ግን ሲጢጥ ማለት ተዉ። ይህን ለማን ይነግሩታል? ልብስ ክፍል ገብቼ ካባዎቹ መሃል አለቀስኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ስልሳዎቹን ስታጋምስ ጉሮሮዋ ላይ እባጭ ወጣ። ሐኪሞቹ ቆርጠው ሲያወጡት ድምፅዋም አብሮ ወጣ። አንገቷ ላይ በቀረው ቀዳዳ ትተነፍሳለች፤ ለመናገር በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ደብተርና እርሳስ አላት። እኔም ያኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ ጉድጓዱም በጣውላ ተደፍኗል። በየሳምንቱ ሐሙስ እየሄድኩ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። በሰው ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግራ የማትደክመው ሴት ሦስት ቃል ጽፋ ትደክማለች።

አንድ ሐሙስ ልጇ በር ላይ ጠበቀችኝ። ልጅቷ የቀያሾች ቢሮ ውስጥ ካርታ ትሥላለች፤ እንደ እናቷ ቁጥብ፣ እንደ አባቷ ቀጥተኛ። አክስቴ ትለኛለች፣ ካባ ላይ ስትተኛ ያለበስኳት እኔ ነኝና። ሐኪሙ እናቷ ከሁለት ወር አታልፍም እንዳላት ነገረችኝ። ከዚያ እናቷ የጻፈችውን የደብተር ቅዳጅ አሳየችኝ። «የድሮ ድምፄን አንድ ጊዜ መስማት እፈልጋለሁ። የትኛው የኔ እንደነበረ ጠፍቶብኛል» ይላል።

ተቀምጠን ቆጠርን። ፊልሙ የእኔ ነው፤ ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ተናግራው አታውቅም። ከፊልሙ ወዲህ የተቀዳ ነገር ቢኖርም እኔን ስታስመስል ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ቀደም ብሎ ሁለት ጊዜ ጠርቷት ነበር፤ በቀጥታ የሚተላለፍ ስለነበረ ከአየሩ ጋር ሄዷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ። የቀረን አንድ ነገር ነው። ከፊልሙ በፊት በነበረው ዓመት የድምፅ ሠራተኛው አዲስ መቅጃ አግኝቶ፣ ለሙከራ ብሎ መበለቲቱን ከመጋረጃ እስከ መጋረጃ ቀድቶ ነበር። ትልቋም አልረሳችውም። ቅዳጁ ጀርባ ላይ «የድምፅ ሠራተኛው ዘንድ አንድ የቴፕ ክር አለ» ብላ ጽፋለች።

የድምፅ ሠራተኛው በሕይወት አለ፤ ጆሮው ብቻ ቀድሞት ሞቷል። ዕድሜውን የሰው ድምፅ ሲቀዳ የኖረ ሰው፣ ደህና ነዎት ወይ ለማለት ሦስት ጊዜ ጮኽንበት። የመጣንበትን ሲረዳ ግን እንደ ጎረምሳ ተነሣ። ከቁም ሣጥኑ ሥር የጫማ ካርቶን አወጣ፤ ክሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቀኑ ተጽፎበት አለ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም፣ ምን ዋሸሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ከዚያ ሰውዬው ማሽኑን በጥጥ እያጸዳ ከሁሉም ቦታ ጥሩውን መርጦ እንደቀዳት ያወራ ጀመር።

«የት ነበር ያስቀመጥከው ማይክሮፎኑን?» ብዬ ጆሮው ላይ ጠየቅኩት።

«ለእሷ ከሁሉ የሚቀርበው የት ነው?» አለኝ ኮራ ብሎ። «ያንቺ ጉድጓድ አፍ ላይ ነዋ።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ትዝ ብሎኝ የማያውቅ ነገር ትዝ አለኝ። የዚያን ቀን ጉድጓዴ ጠርዝ ላይ አንድ ብረት ተቀምጦ ነበር። የመብራት ዕቃ መስሎኛል። ገመዱ ወደ መድረኩ ወጣ ብሎ ቀሚሷን ሊጠልፋት ስለሆነ፣ በእጄ ሳብ አድርጌ ወደ ራሴ አዞርኩት። ወደ አፌ አዞርኩት ማለት ነው። ከዚያ ጽሑፌን ገልጬ እንደ ወትሮዬ ሥራዬን ጀመርኩ።

ማሽኑ ተንፈስ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ የመጣሁት እኔ ነኝ። ሹክሹክታዬ ክፍሉን ሞላው፤ ምራቄ ሳይቀር ይሰማል። «ማነው በሩን የሚያንኳኳው» እላለሁ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከጎረቤት ቤት የሚያወራ ሰው የሚመስል አንድ ነገር ይከተላል። እሷ ናት። ቃሏ እንኳ አይለይም፤ ቃሉን ሳትጨርስ እኔ የሚቀጥለውን ጀምሬያለሁ። ልጅቷ ጆሮዋን ማሽኑ ላይ ለጥፋ እናቷ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። ከኋላ ናት አልኳት። ሰውዬው ድምፁን ጨመረው፤ የጨመረው እኔን ነው። እኔን አውጥቶ እሷን ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ልጅቷ ስትጠይቀው፣ እንቁላል ከተመታ በኋላ አስኳሉን ለዩልኝ ማለት እንደሆነ መለሰላት። ከዚያ ነገሩ ገብቶት ፊቱን ከእኔ መለሰ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የሚሄደው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እኔ ነኝ።

ማሽኑን ከነክሩ ተውሰን ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ተቃጥሏል እንበላት አልኳት ልጅቷን። እምቢ አለች። እናቷ እንደማትታለል፣ ሐሰት ተናግራ እንደማትቀብራት ነገረችኝ። እውነቷን ነው። ግን ያን ቀን ደረጃውን ስወጣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

ትልቋ ጸጉሯን አበጥራ፣ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ጥቁር ጫማዋን አድርጋለች፤ የተወለወለውን። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ የአውቶቡስ ማደሪያ ላይ ይከፈታል፤ ልጅቷ ጩኸቱ እንዳይገባ ዘጋችው። ክሩ ዞረ። ትልቋ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። መጀመሪያ ላይ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀች ነበር፣ ያለ ድምፅ። ቆይቶ ሳቁ ቆመ። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እኔ በሹክሹክታ እላለሁ፣ ከንፈሯ ይከተለኛል፣ እንደ ድሮው ግማሽ ትንፋሽ ዘግይቶ። አንድ ቦታ ላይ ሹክሹክታዬ አረፍ ሲል፣ ከሩቅ እሷ አንድ ነገር አለች፤ ወዲያው ወንበሮቹ በአንድ ላይ ሲጢጥ አሉ። ጣቷን አነሣች። እርሳሱን ይዛ «ወንበሮቹ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «እኔ የለሁም» ብላ ጨመረች።

ልጅቷ ማሽኑን ዘጋችው።

«እትዬ፣ ማይክሮፎኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ደብተሩን ሳበች። «አውቃለሁ። ስታዞሪው አይቼሻለሁ። ለቀሚሴ ብለሽ ነው» ብላ ጻፈች። እያወቀች ነው የላከችን። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ እንኳ ትንሽ ያስቀራል መሰለኝ። ገጹን ገለበጠችና ረዘም ላለ ጊዜ ጻፈች፤ እጇ ሲደክም እያረፈች ጻፈች። እንዲህ ይላል፦ «ከሁሉም ሰው ይበልጥ የሰማሽኝ አንቺ ነሽ። አስመስይኝ። እንደ ድሮዬ። የገረዷን በይልኝ።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ከፊልሙ በፊት አሥራ ሰባት ዓመት ከሦስት እርምጃ ሰምቻታለሁ፤ ትንፋሿ ፊቴን ይነካኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ጠራሁት። ገረዷ ስትገባ ይታየኛል፤ ጫማዋ ይታየኛል፤ ወንበሮቹ ይሰሙኛል። አፌን ከፍቼ «እመቤቴ፣ ደብዳቤ መጥቷል» አልኩ። የወጣው የእኔ ነው። ደግሜ አልኩት፤ ድምፄን አወፈርኩት፣ ያው የእኔ ነው፣ የወፈረ። ሦስተኛውን ጊዜ አገኘሁት መሰለኝ፤ ልክ የድሮው መስሎ ተሰማኝ፤ በደስታ ዓይኔን ገለጥኩ። እሷ ወደ ተዘጋው መስኮት ዞራለች። ጻፈች፦ «ይኸ ፊልሙ ነው።»

ያኔ ገባኝ። ፊልሙን በየዓመቱ አይቻለሁ፤ እሷም ስታስመስለኝ ለዓመታት ሰምቻለሁ። ፊቷን ባሰብኩ ቁጥር ከአፏ የሚወጣው እኔ ነኝ። ክር ላይ አልቀረችም ብዬ ሳለቅስ፣ የቀረችበት አንድ ቦታ ጭንቅላቴ ነበር፤ እሱም ላይ ራሴን ደርቤ ቀድቻለሁ። ልነግራት ፈለግኩ። እሷ ግን ደብተሩን ዘግታ እርሳሱን ላዩ ላይ አስቀመጠች፤ ጫማዋንም ልጅቷ አወለቀችላት። ከዚያ በኋላ ለእኔ ምንም አልጻፈችም። ሐሙስ ሐሙስ እሄድ ነበር፤ እኔም ማውራት ተውኩ። በአምስተኛው ሳምንት ሞተች።

ስንብቱ የተደረገው በቴአትር ቤቱ ነው። ሣጥኗን መድረኩ ላይ አኖሩት፣ ጉድጓዱ ከነበረበት ከተደፈነው ጣውላ ፊት ለፊት። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ወንበሮቹም ተቀይረው ጨርቅ የለበሱ፣ ድምፅ የሌላቸው ሆነዋል። አዘጋጁ በምርኩዝ ወጥቶ፣ ሰው ያልፋል፣ ድምፅዋ ግን ከእኛ ጋር ይኖራል ብሎ ተናገረ። ካረጀ ሰው አልጣላም ብዬ ተውኩት። ከዚያ መብራት ጠፍቶ ስክሪኑ ላይ ፊቷ መጣ፣ አርባ አንድ ዓመቷ፣ የቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ። «በሩን አትዝጉት፤ ገና አልገባሁም» አልኩ ከላይ። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ልጅቷ ከፊት ረድፍ ተነሥታ በጎን በር ወጣች።

አጠገቤ የተቀመጠችው የማላውቃት ሴት ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ይህን ድምፅ እኮ ሰው አይረሳውም» አለችኝ።

«አይረሳም» አልኳት።

ቀና ብላ በጨለማው ውስጥ ተመለከተችኝ። «ይገርማል፣ የእርስዎም ድምፅ እሷን ይመስላል» አለች።

አዎ፣ ይሉኛል አልኳት።